መሳቢያው ሙሉ የሆነው ማን ቤት ነው?

እህቴ ዱባይ ነው የምትሠራው። ባለፈው ጥምቀት ለእናታችን አዲስ ስልክ በሰው እጅ ላከች። ደብረ ብርሃን ተቀብዬ ካርቶኑን ሳልከፍተው መንዝ ይዤው ወጣሁ፤ እናቴ በራሷ እጅ እንድትከፍተው አደራ ተብያለሁ። ቤት ስደርስ ቡና ተፈልቷል፣ ጎረቤቱም ወሬውን ሰምቶ መጥቷል። እናቴ ላስቲኩን ቀስ ብላ ላጠችው። ስልኩ ወጣ። ከሥሩ ወረቀት፣ የሲም ካርድ ማውጫዋ መርፌ፣ አንድ አጭር ነጭ ገመድ። አለቀ። ካርቶኑን ገልብጣ መታ መታ አደረገችውና ቀና ብላ አየችኝ። "ሶኬቱ ላይ የሚሰካውስ?" አለች።

ስልክ ሠሪ ኩባንያዎች ቆሻሻ ለመቀነስ ነው እያሉ ቻርጀር የሌለው ስልክ እንደሚሸጡ አውቃለሁ። ዜናው ከወጣ ቆይቷል፣ ክርክሩንም ሳነብ ነው የኖርኩት። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ብዙም አላስከፋኝም ነበር። ቆሻሻ ይቀንሳል ከተባለ ይቀንስ፣ ምን ችግር አለው? ግን እናቴ ያንን ጥያቄ ስትጠይቀኝ ቤቱን ዞር ብዬ አየሁትና መልስ አጣሁ።

እናቴ እስከዚያ ቀን የያዘችው ባለ በተን ስልክ ነው። ቻርጀሩ ጫፉ ቀጭን ክብ ነው፣ ለአዲሱ አይገባም። መብራት ሠፈሩ ከገባ ጥቂት ዓመታት ቢሆነውም ሲመጣ ሲጠፋ ነው፤ ስለዚህ ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ሶላር አለች፣ ስልክም ታስሞላለች። የሶላሯ ቀዳዳ ግን ሰፊው ዩኤስቢ ነው። ከካርቶኑ የወጣው ገመድ ደግሞ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ። አንዱ ጫፍ ስልኩ ላይ ልክ ይገባል፣ ሌላኛው የሚገባበት ቦታ በቤቱ ውስጥ አንድም የለም። የጎረቤት ልጅ ሮጦ የራሱን ቻርጀር አመጣ። የሱ ገመዱ ሶኬቱ ላይ ከሚሰካው ጭንቅላቱ ጋር የተያያዘ፣ ጫፉም የድሮው ማይክሮ ዩኤስቢ ነው።

የመጣበት ባትሪ ግማሽ ያህል ነበረውና እሱን እየቆጠብን እህቴን በቪዲዮ ደወልንላት።

## "እኔ ቤት መሳቢያው ሙሉ ነው"

እሷ ደስ ብሏታል። እናቷን ፊት ለፊት አየቻት። ተላቀሱ፣ ተሳሳቁ። ከዚያ እኔ ስልኩን ተቀብዬ ወጣ አልኩና ቻርጀሩ ወዴት አለ አልኳት።

"ወንድምዬ፣ ከነቻርጀሩ አይመጣም እኮ። ሻጩም ነግሮኛል። አሁን ሁሉም ሰው ቤቱ አለው አለኝ። እውነቱን ነው፣ እኔ ቤት መሳቢያው ሙሉ ነው። ማንሳት እስኪያቅተኝ ድረስ አለ።"

ይቺ ንግግር ናት ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለችው። እህቴ አልዋሸችም። ሻጩም አልዋሸም። የሷ መሳቢያ በእርግጥም ሙሉ ነው፤ የአሠሪዎቿ፣ የጓደኞቿ፣ የራሷ የድሮ ስልኮች ቻርጀር ሁሉ እዚያ ተጠራቅሟል። እዚያ ቤት ላይ አንድ ቻርጀር መጨመር ብክነት ነው። እዚህ ደግሞ ገመዱን የምንሰካበት አጥተን ቆመናል። ሁለታችንም የአንድ እናት ልጆች ነን፣ ስልኩም ያው አንድ ስልክ ነው። የኩባንያው ሒሳብ እሷ ቤት ልክ ሲሆን እናቷ ቤት ስሕተት ሆነ።

እና ማሰብ ጀመርኩ። "ሁሉም ሰው አለው" የሚለው አባባል አማካይ ነው። አንዱ ቤት ስድስት ካለና ሌላው ቤት ምንም ከሌለ በአማካይ እያንዳንዱ ሦስት ሦስት አለው። ወረቀቱ ላይ ማንም አልጎደለበትም። ግን ስልክ በአማካይ አይሞላም፣ ግድግዳ ላይ ነው የሚሰካው። የእኛ ሰው የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይላል። እህቴን ለመውቀስ አይደለም ያመጣሁት፣ እሷ ከራሷ ጉሮሮ ነጥቃ ነው የላከችው። ይልቅ ስሌቱ የተሠራው መሳቢያው የሞላ ሰው ጠረጴዛ ላይ መሆኑን ለማለት ነው።

## ነገሩ እንዴት ተጀመረ

ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ልጥራቸው። በጥቅምት 2020 አፕል አይፎን 12ን ሲያወጣ ቻርጀሩንና የጆሮ ማዳመጫውን ከካርቶኑ አስቀረ። ምክንያቱን ያስረዱት የኩባንያው የአካባቢ ጉዳይ ኃላፊ ሊሳ ጃክሰን ነበሩ። በዓለም ላይ ከ2 ቢሊዮን በላይ የአፕል ቻርጀሮች አሉ፣ ካርቶኑ ሲያንስ አንድ ፓሌት (ዕቃ ተደርድሮ የሚጫንበት መደብ) ላይ እስከ 70 በመቶ ተጨማሪ ካርቶን ይጫናል፣ ከሌሎቹ ለውጦች ጋር ተደምሮም በዓመት 2 ሚሊዮን ቶን ካርቦን ይቀንሳል፣ 450 ሺህ መኪና ከመንገድ እንደማውጣት ነው አሉ። ሳምሰንግ መጀመሪያ ላይ እኛ ጋ ቻርጀር አለ እያለ በማኅበራዊ ገጹ ሸንቆጥ አደረጋቸው። በጥር 2021 ጋላክሲ ኤስ 21 ሲመጣ ግን የራሱም ካርቶን ያለ ቻርጀር ሆነ።

አንድ ነገር ላይ ቆም ልበል። አይፎን 12 ካርቶን ውስጥ የቀረው ገመድ አንደኛው ጫፉ ታይፕ ሲ ነው። በየሰዉ ቤት ለዓመታት የተጠራቀሙት ትንንሾቹ ነጭ የአፕል ቻርጀሮች ደግሞ ቀዳዳቸው ሰፊው ዩኤስቢ። የድሮ ገመዱን ጠብቆ ያስቀመጠ ሰው ችግር የለበትም፣ በሱ ይጠቀማል። ያላስቀመጠው፣ ወይም ከሌላ ስልክ የመጣው፣ አዲሱን ገመድ የድሮው ቻርጀር ላይ ሊሰካው አይችልም። እናቴ ሶላር ሥር የሆነው ነገር ቀደም ብሎ ሀብታም አገር ሳሎን ውስጥ ሆኗል ማለት ነው። ልዩነቱ እዚያ ሰውየው ወረድ ብሎ በ19 ዶላር ከዚያው ኩባንያ ጭንቅላቱን ይገዛል። ስልኩ ግን ቻርጀር ስለጎደለበት አልረከሰም። ይሄ ነው እኔን ከሁሉም በላይ የሚከነክነኝ። ለዓለም ብለን አስቀረነው ካላችሁ፣ የቀረው ነገር ዋጋ ማን ኪስ ገባ?

ብራዚሎች ይህንኑ ጠይቀዋል። በመስከረም 2022 የአገሪቱ ፍትሕ ሚኒስቴር ያለ ቻርጀር የሚሸጥ አይፎን ሽያጩ እንዲቆም አዘዘ፣ ከ12 ሚሊዮን ሪያል በላይም ቀጣ። መከራከሪያቸው ያልተወሳሰበ ነው። ያለ ቻርጀር ስልክ ሙሉ ዕቃ አይደለም፣ አስፈላጊ አካሉን ቀንሰህ ነው የሸጥከው የሚል። እናቴ ሕግ አላነበበችም፣ ግን ካርቶኑን ገልብጣ ስትመታው ያለችው ያንኑ ነው።

## መሐል ሜዳ፣ ሱቁ በር ላይ

በማግስቱ ስልኩን ይዤ መሐል ሜዳ ከተማ ሄድኩ። "ስልክ ቻርጅ እናደርጋለን" የሚል የተጻፈበት ሱቅ አለ፣ በገበያ ቀን ሰው ከየገጠሩ ስልኩን ይዞ የሚመጣበት። ባንኮኒው ላይ ማከፋፈያ በማከፋፈያ ላይ ተሰክቶ ስልኮች ተደርድረዋል፣ እያንዳንዱ ስልክ ጀርባ ላይ በነጭ ፕላስተር የባለቤቱ ስም ተጽፏል። ባለ ሱቁ ወጣት ነው፣ ሥራውን የሚያውቅ ልጅ። የእናቴን ስልክ አየና ሁለት የቻርጀር ጭንቅላት አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጣቸው።

አንዱ የሱ የራሱ ነው፣ ኦርጅናል፣ የማይሸጥ። ሌላው የሚሸጠው። ከላይ ሲታዩ ወንድማማች ናቸው፣ ያው ነጭ፣ ያው ስም፣ ያው ጽሑፍ። እጅ ላይ ሲሆኑ ግን ወዲያው ይለያሉ። የሚሸጠው ቀሊል ነው፣ ባዶ ይመስላል። ስትነቀንቀው ውስጡ የሆነ ነገር ቱሽ ቱሽ ይላል። እግሮቹ ትንሽ ይወዛወዛሉ። ጽሑፉን በጥፍር ስትፍቀው ይለቃል። "ኦርጅናሉን ደብረ ብርሃን ነው የምታገኘው፣ እሱንም ካወቅክበት ነው" አለኝ። ዋጋው ደግሞ የኮፒው ብዙ እጥፍ ነው። እዚህ ቢያመጣው ማን ይገዛዋል?

ኮፒውን ገዛሁ። ሰፊው ዩኤስቢ ያለበት፣ ሌላው ጫፉ ታይፕ ሲ የሆነ ገመድም ጨመርኩበት፣ ለሶላሯ። ማታ መብራት መጥቶ ስልኩን ሰካነው። ትንሽ ቆይቶ እናቴ ጠራችኝ። "ና እስቲ እየው፣ ብቻውን ይነካካል" አለችኝ። እውነትም ስክሪኑ ማንም ሳይነካው ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። ስነቅለው ተወ፣ መልሼ ስሰካው ያው ሆነ።

ይህ የብዙ ሰው ችግር ስለሆነ ምክንያቱን ልናገር። ግድግዳው ላይ ያለው 220 ቮልት ነው፣ ስልኩ በተለምዶ የሚፈልገው 5 ቮልት ያህል። ቻርጀሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ትራንስፎርመር ሥራዋ መቀነስ ብቻ አይደለም፣ መለየትም ነው። ደህና ቻርጀር ውስጥ 220 ያለበት ወገንና ወደ ስልኩ የሚሄደው ወገን በርቀትና በመከላከያ ተለያይተዋል፣ የኤሌክትሪክ ረብሻውን የሚያጣሩ ትናንሽ ዕቃዎችም አሉበት። ኮፒው ውስጥ ለማርከስ ሲባል ማጣሪያው ይቀራል፣ ርቀቱ ይጠባል፣ መዳቡም ይቀንሳል። ለዚህ ነው የሚቀለው። የስልክ ስክሪን ጣትን የሚያውቀው ጣት በሚያመጣበት ጥቂት የኤሌክትሪክ ለውጥ ነው፤ ከቻርጀሩ ያልተጣራ ረብሻ ሲመጣበት ጣት መስሎት ይታዘዛል። ስክሪን ማበዱ ቀላሉ ነው። ያን የጠበበ ርቀት ኤሌክትሪኩ አንድ ቀን ቢዘለው 220ው የሚመጣው ስልኩን የያዘው እጅ ላይ ነው። መንዝ ብርዱ ከባድ ስለሆነ ሰው ስልኩን ቻርጅ እያደረገ ጋቢው ውስጥ ይዞት ነው የሚተኛው። ይሄንን ሳስብ በጣም ነው የምደነግጠው።

ኮፒውን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ደብረ ብርሃን ስመለስ ኦርጅናል ፈልጌ በሰው ላክሁላት። እስከዚያ ድረስ በሶላሯ ሞላች፣ ፀሐይ ባለበት ቀን።

## ቆሻሻው የት ሄደ?

ክርክሩ ስለ ቆሻሻ ነው አይደል? እንግዲያው ቆሻሻውን እንከተለው። ኮፒ ቻርጀር ብዙ አይቆይም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ከፍ ብሎ ይመጣና ያቃጥለዋል፣ ወይ ገመዱ አንገቱ ላይ ይቆረጣል። አንዱ ሲሞት ሌላ ይገዛል፣ ያም ሲሞት ሌላ። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይሄው ነው። የሞተውን ቆራሌው ይወስደዋል፣ ወይ ልጆች ገመዱን ለመዳቡ ብለው ጓሮ ያቃጥሉታል፣ ያ ጥቁር ጢስ ሰፈሩን ሲሸፍነው ያላየ ማን አለ? አንድ ደህና ቻርጀር ከካርቶኑ ወጣ፣ በሱ ፈንታ በየዓመቱ መጥፎዎቹ እየተተካኩ ገቡ። ዱባይ ላይ የቀነሰው ቆሻሻ መሐል ሜዳ ላይ ጨመረ። የኩባንያው ሪፖርት ላይ ግን አይቆጠርም፣ ምክንያቱም ኮፒውን የሸጠው እሱ አይደለም።

ደግሞ ሌላ ነገር። በ2022 ዓለም የጣለችው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ 62 ሚሊዮን ቶን መሆኑን የተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት ይናገራል፣ በአግባቡ ተሰብስቦ እንደገና ጥቅም ላይ የዋለው ከሩብ በታች ነው። የአውሮፓ ኅብረት የራሱን ሲገምት የሚጣሉና ሳይሠራባቸው የሚቀሩ ቻርጀሮች በዓመት 11 ሺህ ቶን ናቸው አለ። የአውሮፓና የዓለም ቁጥር እኩል አይነጻጸርም፣ ግን መጠኑን ያሳያል። ቻርጀር ትንሹ ጉዳይ ነው። ትልቁ ስልኩ ራሱ ነው፤ ባትሪው በማጣበቂያ ተለጥፎ የሚዘጋው፣ ስክሪኑ ሲሰበር ከመጠገን መጣል የሚቀለው፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ አፕሊኬሽን አልቀበልም የሚለው ስልክ። ምድርን ማዳን ከሆነ ዓላማው ከዚያ ነበር መጀመር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነብኝ። ስልኩ እንዲቆይ ማድረግ ሽያጭ ይቀንሳል፣ ቻርጀር ማስቀረት ግን ወጪ ይቀንሳል። የትኛው እንደተመረጠ አየን።

## እህቴ የመለሰችልኝ

ይህን ሁሉ ስነግራት ዝም ብላ አልሰማችኝም። "ካርቶኑ ውስጥ ቢኖርስ ምን ይሠራላችሁ ነበር? የዚህ አገር እኮ ባለ ሦስት እግሩ ነው" አለችኝ። ልክ ናት። የኤምሬትስ ግድግዳ የእንግሊዞቹን ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው የሚቀበለው፣ የእኛ ሁለት ክብ። ያ ቻርጀር ቢመጣ ሌላ አስማሚ ይፈልግ ነበር፣ ካልሆነም የሶኬቱን ቀዳዳ በእስክሪብቶ ከፍቶ የሚያስገባው ሰው ይመጣና ሌላ አደጋ። ስለዚህ ሁሉም ካርቶን ውስጥ በግድ ይግባ ማለትም መፍትሔ አይሆንም። እዚህ ላይ አሸንፋኛለች።

እኔ የምፈልገው ምርጫ ነው። አውሮፓውያን በ2022 ያወጡት ሕግ ይህን ያዘ። ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 ጀምሮ እዚያ የሚሸጥ አዲስ ስልክ ቀዳዳው ታይፕ ሲ መሆን አለበት፣ አፕልም ቀድሞ በ2023 በአይፎን 15 ለውጦታል። ብዙ ሰው የሚያወራው ይህን ብቻ ነው። ሕጉ ግን ሌላም አለው። ስልክን ከነቻርጀሩ የሚሸጥ ሁሉ ያለ ቻርጀርም እንዲገዛ አማራጭ ማቅረብ አለበት፣ ካርቶኑ ላይም ቻርጀር አለው ወይም የለውም የሚል ሥዕል መታተም አለበት። ሥዕል! ፊደል ለማያውቅ ሰውም የሚገባው። ይቺን ወድጃታለሁ። ጉድለቷ ግን ቻርጀሩን ጨርሶ ያስቀረውን ኩባንያ መልሰህ አምጣ አትልም።

ሺያኦሚ ከዚህ የተሻለ ነገር አንድ ጊዜ ሞክሯል። ሚ 11 የተባለውን ስልኩን ቻይና ውስጥ ሲያወጣ ገዢው ከነቻርጀሩ ወይም ያለ ቻርጀር እንዲመርጥ አድርጓል፣ በአንድ ዋጋ። ያለው ሰው ይተወዋል፣ የሌለው ይወስዳል። ማንም አይቀጣም። እኛ አገር ደግሞ ቴክኖና አይቴል ብዙዎቹ ሞዴሎቻቸው አሁንም ከነቻርጀራቸው ነው የሚመጡት፣ ገበያቸውን ስለሚያውቁ ይመስለኛል። የመጀመሪያ ስልኩን የሚገዛ ሰው ማን እንደሆነ ያውቁታል።

የእኛም ሕግ ቢሆን ባዶ እጁን አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ታዲያ ስልክ ቤቶቻችን መደርደሪያው ላይ ዋጋውን እንደሚለጥፉት "ቻርጀር የለውም፣ ገመዱ ሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ ነው" ብለው ቢለጥፉ ምን ይከብዳል? ሰው ከወገሬ ወይ ከእነዋሪ ተነሥቶ፣ ገንዘቡን ቋጥሮ ደብረ ብርሃን መጥቶ፣ ቤቱ ሲደርስ ነው እንዴ ማወቅ ያለበት?

ውጭ ሆናችሁ ለቤተሰብ ስልክ የምትልኩም ከመግዛታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። ቤቱ ያለው ቻርጀር ጫፉ ምን ዓይነት ነው? ሶላር ካለ ቀዳዳው ሰፊው ነው ጠባቡ? ባለ ሁለት ክብ እግር ጭንቅላት እዚያ ይገኛል ወይ? ሰፊ ዩኤስቢና ታይፕ ሲ ያለው ገመድ ብትጨምሩ ደግሞ ክብደቱ ምንም አይደለም።

እህቴ ለፋሲካ ከሚመጣ ሰው ጋር ከመሳቢያዋ ለይታ ልካለች። ባለ ሁለት እግሮቹን መርጣ፣ ገመዶቹን አስተካክላ። አንዱን ያ የጎረቤት ልጅ ወሰደው፣ እናቱ ታይፕ ሲ ስልክ ገዝተዋል። ግን ክርክራችን አልቆመም። እሷ ቻርጀር የሌለው ስልክ በርከስ ብሎ እስከተሸጠ ድረስ ምንም ክፋት የለበትም ትላለች። እኔ ደግሞ የቀነሰው ዋጋ ቢያንስ መሐል ሜዳ ላይ ኦርጅናሉን ካልገዛ አይበቃም እላለሁ፤ እሱ ላይ ገና አልተስማማንም።